ቀዩ ከዘንጉ በኩል

ፋሲኔ ካማራ የአገሩን ባንዲራ አልገለበጠም። የገለበጥኩት እኔ ነኝ። በሆቴሉ ፋይል ላይ የእሱ ጥፋት ተብሎ ተጽፏል፤ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያሉ የአገሩ ሰዎችም እንደዚያው አውርተውበታል፤ እሱም ያንኑ ስም ይዞ ሞተ። ይህ በደል ነው። ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን ኖሮ በየደረስኩበት እጮህ ነበር፤ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ያደረግኩት እኔ ስለሆንኩ ግን አራት ዓመት ዝም አልኩ።

መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሃቫና መንገድ ላይ ካለው ሱፐርማርኬት ሽንኩርት ስመርጥ ሰናይት ከኋላዬ መጣች። ሰናይት አስመራ ያደገች፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረች፣ ከእኔ ጋር ዴንቨር በሚገኘው ሆቴል ላውንደሪ አስራ አንድ ዓመት አንሶላ ያጠፈች ሴት ናት። ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣

«እትዬ አስካለ፣ ካማራ አረፈ እኮ። ሳንባው ነው አሉ» አለችኝ።

እኔ ገና ነፍስ ይማር ሳልል ቀጠለች። «ነገርሽው እንዴ?»

ስለ ምን እንደምትጠይቀኝ አላጣሁትም። «አልነገርኩትም» አልኳት።

ከንፈሯን እንኳ አልመጠጠችልኝም። ጋሪዋን ገፍታ ሄደች።

ካማራ የሆቴሉ በረኛ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚራመድ ሰው ነው። ዩኒፎርሙ የናስ ቁልፎች ነበሩት፤ እነዚያን ቁልፎች በየቀኑ ሳይወለውል ሥራ አይጀምርም። የመጣው ከጊኒ፣ ካንካን ከሚባል ከተማ ሲሆን እዚያ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። ጊኒ የሚባል አገር ከአንድ በላይ ስላለ እንግዶቹ «ከየትኛዋ?» ይሉታል። እሱም አንድ ጣቱን አንስቶ «‹አይሆንም› ካለችው» ይላቸዋል። አይገባቸውም። እሱም ሻንጣ ስለያዘ አያስረዳቸውም።

እኔን ከእሱ ጋር ያስተዋወቀኝ ነፋስ ነው። ከሆቴሉ ፊት ለፊት ሦስት የባንዲራ ዘንጎች ነበሩ። በአንዱ የአሜሪካ፣ በሁለተኛው የኮሎራዶ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ሦስተኛው ለእንግዳ አገር የተተወ ነው። ከተራራው የሚመጣው የዴንቨር ነፋስ ባንዲራ ይበላል። አንድ ቀን ካማራ የተበጫጨቀውን ባንዲራ እንደ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላውንደሪው ወረደ። እኔ እዚያ የአንሶላና የመጋረጃ ሰፊ ነበርኩ።

«ታንቲ» አለኝ። በእነሱ አገር ታላቅ ሴት እንዲህ ትባላለች፤ እንደ እኛ እትዬ ማለት ነው። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም የተሰባበረ ነው። በአማርኛ ቢሆን አንቱ ይለኝ እንደነበር ስለማውቅ እንደዚያው እጽፈዋለሁ። «ታንቲ፣ ይህን ሊያድኑልኝ ይችላሉ?»

«ባንዲራ ነው ያመጣህልኝ ወይስ በሽተኛ?»

«ሁለቱንም።»

ከዚያ አሳየኝ። ከዘንጉ በኩል ያለው ወገን ያርፋል፤ ነፋስ የሚደበድበው ዳር ያለውን ነው። ስለዚህ የተበላውን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ድርብ ስፌት መስፋት ነው። እንደዚያ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ ይዞ ይመጣ ነበር። በሰፋሁ ቁጥር ባንዲራው እያጠረ ስለሚሄድ፣ «ታንቲ፣ አሜሪካንን ወደ መሐረብ ሊቀይሯት ነው» እያለ ይስቃል።

እሱ እስላም፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነን። የእሱ ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ የገጠሙ ጊዜ ሁለታችንም በምሳ ሰዓት ባዶ ጠረጴዛ ይዘን እንቀመጥ ነበር። ሰናይት ምግቧን እያሞቀች፣ «ሁለት ጻድቃን ማይክሮዌቭ ሲጠብቁ እዩልኝ» ትላለች። በዚያ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነው የአገሩን ነገር ያስረዳኝ።

ፈረንሳይ ቅኝ ገዢያቸው ነበረች። አንድ ቀን በእኔ ሥር መቆየት ትፈልጋላችሁ ወይ ብላ ድምፅ አሰጠቻቸው። ሌሎቹ አገሮች አዎ ሲሉ ጊኒ ብቻዋን አይሆንም አለች። ፈረንሳዮቹ ተቆጥተው ሲወጡ መዝገብ ያቃጠሉ፣ ስልክ ከግድግዳ የነቀሉ አሉ። አባቱ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጠዋት ቢሮ ሲገባ ጠረጴዛው የለም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ቴምብር መታ። የዚያን ዕለት ደጅ ላይ የተሰቀለው ባንዲራ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው፤ መስመሮቹ እንደ እኛ ተጋድመው ሳይሆን ቆመው።

«ቀለሙን ከእናንተ ነው የወሰድነው» አለኝ። «በመጀመሪያ ጋና ወሰደች፤ እኛ ተከተልን። ከእኛ ደግሞ ጎረቤታችን ማሊ ተከተለች፤ ግን ገልብጣ። እነሱ ከዘንጉ በኩል አረንጓዴ ያደርጋሉ፤ እኛ ቀይ። ሌላ ልዩነት የለንም።»

«ይኼማ ትንሽ ነገር ነው» አልኩት።

«እናንተ በአንድ ባንዲራ መሐል ኮከብ ይኑር አይኑር እያላችሁ በሠርግ ቤት ትጣሉ የለም እንዴ ታንቲ?»

በአንድ ዘመዴ ሠርግ ላይ የሆነውን ራሴ ነግሬው ነበር።

ቀዩ የሞቱት ሰዎች ደም ነው፤ ሥራም ነው። ቢጫው ወርቃቸውና ፀሐያቸው ነው፤ ፍትሕም ነው። አረንጓዴው ደናቸው ነው፤ መተባበርም ነው። ይህን ሲናገር ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ሦስት መስመር ያሰምራል። ቢጫው ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ይዘገያል። አንድ ቀን ምነው አልኩት። ያ መሬት ላይ ተቀምጦ ቴምብር የመታው አባቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሳቸው መንግሥት አስሮት አልተመለሰም። የወሰዱት በጥርጣሬ ነው፤ የተጠረጠረበትን ዛሬም ድረስ የነገራቸው የለም። እስር ቤቱ በር ላይ ያው ባንዲራ ይውለበለብ ነበር።

«ታዲያ እንዴት ትወደዋለህ?» አልኩት። እኔ ብሆን አልወደውም ነበር።

«ጨርቁ ምን አደረገ?» አለኝ። «አባቴን የወሰዱት ሰዎች ናቸው። ቀዩን አይተነዋል። አረንጓዴውንም ክረምት በመጣ ቁጥር እናየዋለን። ቢጫዋን ግን ገና አላየናትም። ስለዚህ ልጆቹ እንዳይረሷት ነው የማስተምራቸው።»

የሚያስተምርበትንም ቦታ አይቻለሁ። የነጻነታቸው ቀን በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሁለት ነው። አውሮራ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው ያከብሩታል፤ አንድ ዓመት እኔንና ሰናይትን ጠራን። ካማራ ሦስት ልጆችን መድረክ ላይ አወጣ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዷ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሰዋል። ከዚያ አንድ ረጅም ሰውዬ መጥረጊያ ይዞ እንዲቆም አደረገ፤ ዘንጉ እሱ ነው። ልጆቹን ሆን ብሎ አሳስቶ አቆማቸውና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ይህች ማን ናት?»

«ማሊ!» ብለው ሕፃናቱ ጮኹ።

«ጊኒ እንድትሆን ከዘንጉ በኩል ማን ይቁም?»

«ቀይ! ቀይ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ «መምህር! መምህር!» እያሉ አጨበጨቡለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ። እንግዲህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ሆቴሉ ውስጥ የማዕድን ሰዎች ስብሰባ ተደረገ፤ ከሚመጡት እንግዶች መካከል የጊኒ ሰዎች አሉበት። ለሦስተኛው ዘንግ የታዘዘው ባንዲራ ሳይደርስ ቀረ። ማናጀሯ ካማራን ጠርታ «ሰፊ አለን፤ አንተ ደግሞ አገርህ ነው፤ ጨርሱት» አለችው። ማታውኑ አውሮራ ካለ ጨርቅ ቤት ሦስቱን ቀለም ገዝቶ መጣ። በላውንደሪ ወረቀት ጀርባ ላይ ሥዕል ሣለልኝ፤ ዘንጉን በወፍራሙ አሰመረ፤ ከጎኑ «ቀይ» ብሎ ጻፈ።

«ታንቲ፣ ቀዩ ከዘንጉ በኩል።»

«ባንዲራ ልታስተምረኝ ነው? ቀለሙ የማን ሆነና?» አልኩት።

ሳቀ። ሄደ። ማግስቱ ዓርብ ነው፤ ከጁምዓ ስግደት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው ሥራ የሚገባው።

ሦስቱን ጨርቅ ገጣጠምኩ። ስፌቴ የጠራ ነበር፤ እሱን ማንም አይነቅፈኝም። ከዚያ ዘንጉ የሚገባበትን እጥፍ መስፋት ቀረኝ። ይህ እጥፍ ነው ነገሩ ሁሉ። ጨርቁ ከፊትም ከኋላም አንድ ነው፤ ጊኒ ወይም ማሊ የሚያደርገው እጥፉ ያለበት ወገን ነው። ወረቀቱ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ከልጅነቴ ጀምሮ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው ያልኩት፤ አረንጓዴ መጀመሪያ ነው። እጄ ወደዚያው ሄደ። እጥፉን በአረንጓዴው በኩል ሰፋሁና ተኩሼ አስረከብኩ።

ጠዋት የገቡት በረኞች ሰቀሉት። የጊኒ ሰዎች ከመኪና ሲወርዱ የማሊ ባንዲራ ተቀበላቸው። ትልቁ ሰውዬ አልገባም አለ። አብሮት የነበረ አንድ ሰው ፎቶ አነሳ። ሌላው በረኛ ሊያስታርቅ ፈልጎ ሳይሆን አይቀርም፣ «ያዘጋጀው የእናንተው አገር ሰው ነው፤ ካማራ ይባላል» አላቸው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ማናጀሯ ባንዲራውን ብብቷ ሥር ጠቅልላ ላውንደሪ ወረደች። ካማራ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ከኋላዋ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እኔ እጥፉን አየሁ። እሱም አየ። በዚያች ቅጽበት ሁለታችንም አወቅን።

«እንዴት እንደሚሰፋ የተናገርከው አንተ ነህ?» አለችው።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ተሳሳተ?»

ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ተማሪው መልሱን እንደሚያውቅ እርግጠኛ የሆነ መምህር እንደሚጠብቅ ነው የጠበቀኝ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ሰበብ እንዲሆነኝ ግን አይደለም። እርጉዝ ሠራተኛ ቆማ እንዳትተኩስ ወንበር ይሰጣት ብዬ ከማናጀሯ ጋር ተጣልቼ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኝ ነበር። ሦስተኛው ማባረሪያ ነው። ልጄ ታማ ስለነበረች ሁለት የልጅ ልጆቼ በእኔ እጅ ነበሩ። ለወንበሩ ስጣላ ግን እነዚያው ልጆች በእኔ እጅ ነበሩ። ለሌላ ሰው በደል አፌ ይከፈታል፤ የራሴ ስህተት ሲሆን ተዘጋ። እውነቱ ይኼ ነው።

የትራስ ልብስ አነሳሁና አጠፍኩ። ፈትቼ እንደገና አጠፍኩ። ሰናይት መተኮሻው አጠገብ ቆማ ታየኛለች።

ካማራ በመጨረሻ፣ «ሥዕሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ውሸት አልተናገረም፤ እኔንም አሳልፎ አልሰጠኝም።

በሳምንቱ ከበሩ አነሱት። ባለ ናስ ቁልፉን ዩኒፎርም አስረክቦ፣ ጀርባ በኩል ቆሻሻ የሚጨመቅበት ማሽን ላይ ተመደበ። ክረምትም በጋም ደጅ ነው፤ ጢሱና አቧራው ሌላ ነው። ሳል የጀመረው እዚያ ነው። ከዚያ መጣ አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። የሰማሁትን ሳል ግን ሰምቻለሁ።

ፎቶው አውሮራ ደረሰ። በስልክ ተላላኩት። ከመስጊድ ሲወጣ «ማሊያዊው ሰላም ነህ?» ይሉት ጀመር። ቀልድ ነው ይላሉ። ኦክቶበር ሁለት ሲመጣ ልጆቹን የሚያስተምር ሌላ ሰው ተመረጠ። እሱም ከዚያ በኋላ በዓሉ ላይ አልተገኘም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሰናይት ናት፤ እሱ አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። በየጠዋቱ በላውንደሪው በር ሲያልፍ ብቅ ይልና፣

«እንዴት አደሩ ታንቲ? ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይለኛል።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድበኝ እመልስለት ነበር።

«ዛሬ ንገሪያት፤ አብሬሽ እገባለሁ» ትለኛለች ሰናይት።

«ይቺ ሳምንት ትለፍ።»

«ለወንበሩ ጊዜ ሳምንት ጠብቀሽ ነበር?»

ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩ ዓመት ሆነ። እኔ ጡረታ ወጣሁ። የመጨረሻ ቀኔ ኬክ ቆርሰውልኝ እሱም መጥቶ ነበር፤ በጓንት እጁ ሊጨብጠኝ አፍሮ ጓንቱን አወለቀ። ያኔም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

መሞቱን በሰማሁ ማግስት የሽርጤን ኪስ ወረቀት ከሳጥኔ አወጣሁ። አልጣልኩትም ነበር፤ ለምን እንዳልጣልኩት አትጠይቁኝ። ይዤው ሆቴሉ ሄድኩ። ሆቴሉ ባለቤት ቀይሯል፤ ማናጀሯም የለችም። አንድ ትሑት ወጣት አስቀምጦ አዳመጠኝ። ፋይሉ ላይ የተጻፈው ይሰረዝና የእኔ ስም ይጻፍ አልኩት። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ።

«እማማ፣ በዚህ ስም የሠራ ሰው አይታየኝም። የድሮው መዝገብ ከእኛ ጋር አልመጣም።»

«አስራ አራት ዓመት በራችሁ ላይ ቆሟል እኮ!»

«አዝናለሁ» አለኝ። ማዘኑንስ አዝኗል። ግን የሚሰረዝ ነገር የለውም።

እንግዲያው የቀረኝ የአገሩ ሰው ነው። የካማራ ልጅ ማሪያማ አውሮራ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። በሰናይት በኩል ስልኳን አግኝቼ፣ ስለ አባትሽ በሕዝብ ፊት የምናገረው ነገር አለኝ አልኳት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። «በዓሉ ላይ ይምጡ» ብቻ አለችኝ።

ሄድኩ። ያው አዳራሽ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ማይክ ሰጠኝ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ተናገርኩ። ካማራ በትክክል አዞኛል፤ ጽሑፉ ይኸው። አሳስቼ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሲጠየቅ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ማሊያዊው ያላችሁት ሰው ከሁላችሁም በላይ ባንዲራችሁን ያውቅ ነበር። አንድ ሽማግሌ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰላቸው።

ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ። «ታዲያ ይኼ ነው እንዴ? ኢትዮጵያዊት ናት የገለበጠችን!» እያሉ አጨበጨቡልኝ። ሊቀ መንበሩ ትከሻዬን አቅፎ፣ «እናታችን፣ ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ሁላችንም ረስተነዋል» አለኝ። ሩዝ በሥጋ በሰሐን ሞልተው ሰጡኝ። በአንድ ወቅት እኔም ትንሽ ነገር ነው ብዬዋለሁና መቆጣት አልቻልኩም። እነሱ ረስተውታል። እሱ ግን ሲሞት አልረሳውም ነበር። ሰሐኑን ሳልነካው አስቀምጬ ወጣሁ።

ማሪያማ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከተለችኝ። እንደ አባቷ ረጅም ናት። እዚህ ያደገች ስለሆነች እንግሊዝኛዋ ፈጣን ነው፤ ለእኔ ስትል ቀስ አለች። ወረቀቱን ጠየቀችኝና ሰጠኋት። የአባቷን ጽሕፈት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«እኔ መሆኔን ያውቅ ነበር አይደል?» አልኳት።

«ያውቅ ነበር። የዚያኑ ዕለት ለእናቴ ነግሯታል።»

«ታዲያ ለእነዚህ ሰዎች ለምን አልነገራቸውም? ስሙን ያጸዳ ነበር።»

«እናቴም እንደዚያ ትለው ነበር። እሱ ግን ‹ታንቲ ፍትሕ የምትወድ ሴት ናት፤ ራሷ ትናገራለች፤ ያን አልወስድባትም› ይላታል። ሁልጊዜ እንደዚያ ይል ነበር።» ወረቀቱን አጠፈችው። «ሆስፒታል ከገባ በኋላ ማለቱን ተወ።»

ነፋስ ነበር። የመኪናዬን በር ያዝኩ። በዕድሜዬ ስንት ሰው ይቅርታ እንዲጠይቅ አስገድጃለሁ። እኔ ግን እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር፤ እንደመጣልኝ አልኩት።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ክፋት አልነበረባትም። አስባ፣ ትክክለኛውን መልስ ፈልጋ ነው የመለሰችልኝ።

«እኔን አልበደሉኝም» አለችኝ።